የባትላሜራ ሙያ ተንቋል፤ ነፍስ ግን በእጁ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተገጭቷል ወይ?» ሻጩ «ኧረ በፍጹም፣ ቀለሙ ራሱ ኦሪጅናል ነው» ይላል። ገዢው አያምንም። ጣቱን አጥፎ በሩን ያንኳኳል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ብሎኖቹ ተፈትተው እንደሆነ ያያል፣ ብልጥ ከሆነ ደግሞ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ፓራፋንጎው ላይ ይለጥፋል። ማግኔቱ ከወደቀ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው።

መኪና የትም አገር ይገጫል። ገዢውን የሚያስጨንቀው ግጭቱ ሳይሆን ጥገናው ነው። የተገጨ መኪና በትክክል ተጠግኖ ወደ ቀድሞ ጥንካሬው ሊመለስ እንደሚችል እምነት ቢኖር ኖሮ ማግኔት ይዞ መዞር ባላስፈለገ ነበር። የዚህ አለመተማመን ምንጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የጋራዥ ባለሙያ «ሌብነት» ብቻ አይደለም። ዋናው ምንጭ አገሪቱ ይህን ሙያ እንዴት እንደምታስተምርና እንዴት እንደምትመለከተው ነው።

ንቀቱ የቆየ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በዚህ አገር በስድብ ሲጠራ፣ በጋብቻ ሲገለል የኖረ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነበር። የመጀመሪያዋ መኪና ከእንግሊዛዊው ቤንትሌይ ጋር አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ሰሞን ነው። መኪናዋ ከገባች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አዋጁ ግን ገና በሙሉ የገባ አይመስልም። ዛሬም ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያላለፈለት ወላጅ «እንግዲህ ጋራዥ ይግባ» ሲል በምርቃት ድምፅ አይደለም።

የሙያው ቋንቋ ራሱ እንዴት እንደተወረሰ ይናገራል። ባትላሜራ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላሜራ መቺ ማለት ነው። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስቱኮ፣ ካቻቪቴ፣ ሞርሳ ሁሉም ከዚያው ከጣልያኖች ወርክሾፕ የተወረሱ ናቸው። በመጽሐፍ የመጣ ቃል የለም። አጠገብ ቆሞ በማየትና ዕቃ በማቀበል የተያዙ ቃላት ናቸው። ሙያውም እስከ ዛሬ የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው።

መንገዱ ይታወቃል። አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በዘመድ ወይም በሠፈር ሰው በኩል ጋራዥ ይገባል። የመጀመሪያውን ዓመት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ፣ ዕቃ ሲያጥብ፣ ምሳ ሲያመጣ ያሳልፋል። ደመወዝ የለውም፤ የትራንስፖርትና የምሳ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ከዚያ ስቱኮ መቀባት ይፈቀድለታል። መዶሻ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው፣ የቀለም መርጫውን የሚነካው ደግሞ ሁሉን ካለፈ በኋላ። በዚህ መንገድ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ የሚወጣው ሰው እጁ ተአምር ይሠራል። ዓይን የማያየውን ሞገድ በመዳፉ ዳብሶ ያገኛል። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ የበር ላሜራ ከኋላው ብረት ደግፎ ከፊቱ በቀስታ እየመታ ሳይቀደድ ወደ ቦታው ይመልሳል። ብዙ ተመትቶ የተለጠጠውንና ሲጫኑት ወደ ውስጥ ወደ ውጭ የሚለውን ላሜራ በእሳት ነጥብ በነጥብ አቅልቶ በእርጥብ ጨርቅ በማቀዝቀዝ ያኮማትረዋል።

ይህ ዕውቀት ሊናቅ አይገባውም። መለዋወጫ ያልተገኘለት ላዳ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረ ቮልስ፣ አሁንም ሲነዳ የሚታይ ሴይቼንቶ በመንገድ ላይ ያሉት በእነዚህ እጆች ነው። አውሮፓ ውስጥ የቆየ መኪናን ወደ ጥንት መልኩ መመለስ ራሱን የቻለ የከበረ ሙያ ነው። ከጥሬ ላሜራ ፓራፋንጎ ቀርጾ የሚያወጣ ሰው እዚያ ተፈልጎ አይገኝም። እዚህ ሶማሌ ተራ አካባቢ እንዲህ ዓይነቱ ሰው «ያ ልጅ» ተብሎ ይጠራል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጋራዡ «እንዴት» የሚለውን ያስተምራል እንጂ «ለምን» የሚለውን አያስተምርም። መኪናው እስካልተለወጠ ድረስ ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። መኪናው ግን ተለውጧል።

የላዳ ብረት ተራ ብረት ነው። ቢያሞቁት፣ ቢመቱት፣ ቢበይዱት ይታገሣል። በቅርብ ዓመታት የተሠራ መኪና ግን ከብዙ ዓይነት ብረት የተገጣጠመ ነው። ከፊት ያለው ክፍል በግጭት ጊዜ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድና ኃይሉን እንዲውጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። በበሮቹ መካከል ያለው ምሰሶ ደግሞ በተቃራኒው እንዳይታጠፍ በልዩ ሙቀት ከጠነከረ ብረት ይሠራል። ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። ጋራዥ ውስጥ በጋዝ እሳት ሲቀላ ያ ጥንካሬ ይጠፋል። ከውጭ ሲያዩት ቀጥ ብሏል፣ ቀለሙም ያበራል። ውስጡ ግን ሌላ ብረት ሆኗል። ላዳ ላይ ትክክል የነበረው እጅ፣ ምንም ሳያጠፋና ምንም ሳያጭበረብር፣ በአዲሱ መኪና ላይ ሰው ሊገድል የሚችል ሥራ ይሠራል። ሁለተኛው ግጭት እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የተከፈተው ሁለተኛው በር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። እዚያ «ለምን» የሚለው አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መዶሻው ነው። በብዙ ተቋማት ሠልጣኙ የሚለማመድበት የመኪና አካል ጥቂት ነው፤ ቀለም፣ ስቱኮ፣ ላሜራና የብየዳ ጋዝ ደግሞ የሚያልቁ ዕቃዎች በመሆናቸው በቁጠባ ይታደላሉ። አብዛኛው ማስተማሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ተማሪው ተመርቆ የሚገባበት ጋራዥ የሚናገረው ደግሞ ያንን የጣልያንኛና የአማርኛ ድብልቅ ነው። «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው አሠራር ሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ ድርጅት ውስጥ ገብቶ እንዲማር ያስባል። በወረቀት ላይ ግሩም ነው። ነገር ግን ጋራዡ ሠልጣኙን ተቀብሎ በማስተማሩ የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ ልጁ ጥግ ላይ ቆሞ ወረቀቱ እስኪፈረምለት ይጠብቃል።

በውጤቱ አገሪቱ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ታፈራለች። አንዱ እጅ አለው፣ ምስክር ወረቀት የለውም። ሌላው ምስክር ወረቀት አለው፣ እጅ የለውም። ሁለቱ ሲገናኙም ይናናቃሉ።

«ሲኦሲ ያለው ሁሉ ባለሙያ ነው እንዴ? ወረቀት መኪና አይሠራም» የሚል መከራከሪያ ከጋራዥ ሰዎች ይሰማል። እውነት አላቸው። ፈተና ብቻውን ሙያ አያስተምርም። ግን ወረቀት የሌለው ባለሙያ የሚከፍለውን ዋጋም ማየት ያስፈልጋል። ለመድን ድርጅት ሥራ መወዳደር ያስቸግረዋል፣ ብድር አያገኝም፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሪያድ ለሥራ ሲሄድ ሃያ ዓመት የሠራበት ሙያ እንደሌለ ተቆጥሮ በጉልበት ሠራተኛነት ይቀጠራል። ወረቀቱ መኪና ባይሠራም ሠሪውን ሰው ያስቆጥረዋል።

ሌላው መከራከሪያ የኪስ ጉዳይ ነው። ደንበኛው ድሃ ነው፤ በአምራቹ ደንብ መሠረት ይጠገን ቢባል ማን ይከፍላል? ይህም ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ዓይነት ጥገናን ከመለየት ይጀምራል። የውበት ጥገና አለ፣ የሕይወት ጥገና አለ። በር ላይ የወጣ ጭረት፣ ፓራፋንጎ ላይ የገባ ጉድጓድ የውበት ጉዳይ ነው። ላሜራው በተቻለ መጠን ተመትቶ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ስቱኮ ቢቀባ ማንም አይሞትም። ሻንሲ፣ ምሰሶ፣ የመቀመጫ ቀበቶና የኤርባግ መያዣ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ «ለጊዜው ይቻላል» የሚባል ነገር የለም። ዛሬ በብዙ ጋራዦች ይህ መስመር አልተሰመረም፤ ሁለቱም «ቦዲ ሥራ» ተብለው በአንድ ዋጋ ድርድር ይጨረሳሉ።

የመድን ድርጅቶችም እጃቸው አለበት። የተገጨ መኪና ሲመጣ ከጋራዦች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ በተለምዶም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሥራውን ይወስዳል። ዋጋ መቆጣጠራቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፕሮፎርማው ላይ «የግራ ጎን አካል ማስተካከል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚወዳደረው ሥራ ሳይሆን ቁጥር ነው። ልኬት የሚወስደው፣ የተቆረጠውን ክፍል በአዲስ የሚተካው ጋራዥ ውድ ሆኖ ይሸነፋል። አቃልቶ በእሳት የሚያቃናው ያሸንፋል። እንዲህ እየተደረገ ጥሩ ባለሙያ ጥሩ መሥራቱን እንዲተው ይማራል።

ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ የከተማው መንገድ መልኩን እየለወጠ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ወለሉ ሥር የተነጠፈ ነው። የብዙዎቹ ኃይል ወደ 400 ቮልት ይጠጋል፤ የቤት መብራት 220 ነው። ከጎን የተገጨን የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ቪትዝ ቆጥሮ ብየዳ የሚጀምር ወጣት የሚጫወተው በገዛ ነፍሱ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከፍተኛ ኃይሉ እንዴት እንደሚቋረጥ፣ ከተቋረጠ በኋላም አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ እስኪሞላ መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። የቀለም ማድረቂያ ክፍል ሙቀት እንኳ ባትሪውን እንዳይጎዳ ገደብ አለው። ይህንን ከአለቃው ሊማር አይችልም፤ አለቃውም አልተማረውም።

ሌላም የማይነገር ጉዳይ አለ፤ የባለሙያዎቹ ሳንባ። ዘመናዊው የመኪና ቀለም ከማጠንከሪያው ጋር ሲደባለቅ የሚወጣው ጭስ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት። በዓለም ላይ ከሥራ ቦታ ለሚመጣ አስም በዋና መንስኤነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። አንዴ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይታመማል፣ ሙያውንም ለመተው ይገደዳል። መከላከያው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀብል ጭንብል ነው። በብዙ ጋራዦች የሚታየው ግን አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ፣ ካልሆነም «ወተት ጠጣበት» የሚል ምክር ነው። ወተት ሳንባ አያጥብም።

ምን ይደረግ? የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃና አዲስ ተቋም አይደለም። አንደኛ፣ ለዓመታት በእጃቸው የሠሩ ባለሙያዎች ያላቸው ችሎታ በተግባር ተመዝኖ፣ በሚናገሩት ቋንቋ ተጠይቀው ይረጋገጥላቸው፤ የጎደላቸው «ለምን» በአጭር ሥልጠና በምሽት ይሰጣቸው። ሁለተኛ፣ ሠልጣኝ ተቀብሎ የሚያስተምር ጋራዥ በግብር ወይም በመሣሪያ ድጋፍ ይካስ፤ አሠልጣኙ ባትላሜራም እንደ መምህር ይከፈለው። ሦስተኛ፣ የመድን ድርጅቶች በፕሮፎርማቸው የውበትና የሕይወት ጥገናን ለይተው ይጻፉ፤ ለሁለተኛው ልኬትና ፎቶ ይጠይቁ። አራተኛ፣ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ሻንሲውና ምሰሶው ተቆርጦ የተበየደን መኪና ይለይ፣ ጥገናውም ከሊብሬው ጋር ተመዝግቦ ይኑር። ያን ጊዜ «ተገጭቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ማን ጠገነው?» በሚለው ይተካል። የጠገነው ሰው ስምም ዋጋ ይኖረዋል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን ጋራዥ የገባው ልጅ ወረቀቱን እየፈተገ ነው፤ ነገም የሌላ ሰው ቤተሰብ የሚሳፈርበትን መኪና ይበይዳል። እጁን አገሪቱ አግኝታዋለች። የቀረው ያንን እጅ ለምን እንደሚመታና መቼ መምታት እንደሌለበት ማስተማር ነው።