ሴንሰሩ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ሶማሌ ተራ ላይ የአሮጌ ቶዮታ ሙቀት መለኪያ አዲሱ ቢጠፋ ከሌላ መኪና የወለቀ ይፈለጋል። በፈንድ የመጣ የአፈር እርጥበት ሴንሰር ሲበላሽስ? ዝዋይ ሐይቅ ዳር ጽጌረዳ የሚያመርት ግሪንሃውስ ከውጭ ያስመጣ ይሆናል። የዶክትሬት ተማሪው ዲግሪውን ይዞ ሲሄድ ግን ገበሬው እጅ የሚቀረው ባትሪው ያለቀ ሳጥን ነው።

መራዊ አጠገብ ቆጋ መስኖ ላይ የተሞከረው መሣሪያ ይሻላል። አፈር ውስጥ የሚቀበር ኢምቡቶ መሳይ ነገር ነው፤ ውሃው እዚያ ጥልቀት ሲደርስ ጠቋሚው ብቅ ይላል፣ ገበሬውም ውሃውን ይዘጋል። ባትሪ የለ፣ ሲም ካርድ የለ። (እርግጥ በየሰዓቱ ቁጥር አይመዘግብም፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል።)

ቁጥሩ የግድ ከሆነ ገንዘብ ሰጪው ለመለዋወጫና ለጠጋኝም ይመድብ። ከምርቃቱ በኋላ ሴንሰሩን ማን እንደሚጠግን ያልጻፈ ፕሮፖዛል ፈንድ ባያገኝ ይሻላል።