ራሱን የሚዳኝ ተወዳዳሪ

ጨዋታ የሰውን ጠባይ ይገልጣል። ሰው በሥራው ቦታና በሸንጎ ፊት ጠባዩን ሊሸፍን ይችላል፤ በጨዋታ ላይ ሳለ ግን፣ ይልቁንም መሸነፍ በጀመረ ጊዜ፣ በልቡ ያለው ሁሉ ወደ ፊቱ ይወጣል። ስለዚህ ልጆቻቸውን በመልካም ጠባይ ለማሳደግ የሚመኙ ወላጆች፣ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚጫወቱም ሊመለከቱ ይገባቸዋል። ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆን በውጭ አገር የሚደረግ አንድ ጨዋታ አለ፤ ይኸውም የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ነው። ጨዋታው ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢሆንም፣ ሕጉ ለቤታችን የሚጠቅም ትምህርት ስላለበት ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንጽፋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በአሜሪካና በአውስትራልያ በባሕርና በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ክለብ አቋቁመው በጀልባ ይወዳደራሉ። ከክለቦቹ ሁሉ በዕድሜ አንጋፋ የሚባለው በአየርላንድ የሚገኘው የኮርክ ንጉሣዊ የጀልባ ክለብ ሲሆን፣ ትውልዱን ከ1720 ዓ.ም. ጀምሮ ይቆጥራል። በእንዲህ ያሉ ክለቦች ውስጥ ሐኪሙና አናጢው፣ አስተማሪውና ነጋዴው፣ አባትና ልጅም ጭምር፣ ከሥራ በኋላ ወይም በዕረፍት ቀን በአንድ ውሃ ላይ ይሰለፋሉ። በብዙዎቹም ዘንድ አባላቱ ተራ ገብተው ያገለግላሉ፤ ተራው የደረሰው ሰው የራሱን ውድድር ትቶ ሰዓት ይይዛል፣ የመነሻውን ባንዲራ ይሰቅላል፣ ወይም የተገለበጠ ቢኖር ለማንሣት በሞተር ጀልባ ሆኖ ይጠብቃል። እንደዚህ ሆኖ ዛሬ የሚሽቀዳደመው ነገ ለባልንጀሮቹ አገልጋይ ይሆናል።

አሮጌና ዘገምተኛ ጀልባ ያለው ሰው ከአዲስና ከፈጣን ጀልባ ጋር ሲወዳደር እንዳይበደል ደግሞ፣ ለየጀልባው ዓይነት የማመዛዘኛ ቁጥር ተሰጥቶታል። በእንግሊዝ አገር የተለመደው አቆጣጠር የፈጀውን ጊዜ በ1000 አባዝቶ ለጀልባው ቁጥር ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁጥሩ 1000 የሆነው ፈጣን ጀልባ በ52 ደቂቃ ቢገባ፣ ሂሳቡ ያው 52 ደቂቃ ይሆናል፤ ቁጥሩ 1200 የሆነው ዘገምተኛ ጀልባ በ60 ደቂቃ ቢገባ ግን ሂሳቡ 50 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 8 ደቂቃ ዘግይቶ የመጣው አሸናፊ ይሆናል። የሚመዘነው የሰውየው ብልኃት እንጂ የገንዘቡ ብዛት እንዳይሆን ታስቦ የተሠራ ነው።

የጨዋታው ሕግ በመጽሐፍ የተደነገገ ሲሆን፣ የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ድርጅት በየ4 ዓመቱ እያረመ ያወጣዋል። ነፋስ በግራ ጎኑ የሚመጣበት ጀልባ፣ ነፋስ በቀኝ ጎኑ ለሚመጣበት መንገድ ይለቃል። መንገድ የሚገባውም ቢሆን መብት አለኝ ብሎ ባልንጀራውን ሊገጨው አይገባውም፤ መራቅ እስከ ተቻለው ድረስ ሊርቅ ታዝዟል። እስከዚህ ድረስ ሕጉ እንደ ማንኛውም ሕግ ነው። የሚያስደንቀው ሕጉ የሚፈጸምበት መንገድ ነው። በእግር ኳስ ሜዳ ፊሽካ የያዘ ዳኛ ከተጫዋቾቹ ጋር ይሮጣል፤ በክለብ የጀልባ እሽቅድምድም ግን አብዛኛውን ጊዜ በውሃው ላይ የሚከተል ዳኛ የለም። ሕጉን የሚጠብቁትና የሚያስጠብቁት ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

መንገድ መልቀቅ ሲገባው ያልለቀቀ ሰው፣ ጥፋቱን እንዳወቀ ወዲያው ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ጀልባውን ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያዞራል። መዞሪያ የሆነውን ተንሳፋፊ ምልክት የነካ ደግሞ አንድ ጊዜ ይዞራል። ቅጣቱ ይኸው ነው፤ ከዞረ በኋላ ውድድሩን ይቀጥላል። ጥፋቱን ያላመነ እንደ ሆነ ግን ባልንጀራው ድምፁን ከፍ አድርጎ መቃወሙን ያስታውቃል፤ ነገሩም ወደ የብስ ወጥቶ በሽማግሌዎች ፊት ይታያል። በፍርድ ቤት መዝገብ ሲጽፍ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው የዚህ ሸንጎ ሥርዓት ደስ ያሰኛል። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይቀርባሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ምስክር ይጠራል፤ በነገሩ ጥቅም ያለው ሰው ለዳኝነት አይቀመጥም፤ ዳኞቹም አስቀድመው የሆነውን ነገር ይወስናሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሕጉን ይጠቅሳሉ። የተረታው ጀልባ በዚያ ቀን ውድድር ውጤቱ ይሰረዛል።

እዚህ ላይ አንባቢ የቅጣቱን ልዩነት ያስተውል። ፈጥኖ ለሚያምን ቅጣቱ የታወቀ፣ ቀላልና በቶሎ የሚያልቅ ነው፤ ክዶ ለሚረታ ግን ሁሉን የሚያሳጣ ነው። ሕጉ ለእውነት ሰፊ በር ከፈተ። ነገር ግን ማንም ሳያይ ምልክቱን የነካ ሰውስ ምን ያደርጋል? እርሱን የሚከስ የለም፤ ዝም ቢል ጽዋውን ሊወስድ ይችላል። ሆኖም ያ ጽዋ በቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ ይከስሰዋል። ከ1948 እስከ 1960 ዓ.ም. በተከታታይ በ4 የኦሎምፒክ ጨዋታዎች የወርቅ ሜዳይ የወሰደው የዴንማርክ ሰው ፓውል ኤልቭስትሮም፣ የተወዳዳሪዎቹን አክብሮት አጥቶ ያሸነፈ ሰው እንዳላሸነፈ ይቆጠራል ብሎ ያስተምር ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው የሕጉ ትእዛዝ፣ በአደጋ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ በተቻለ መጠን መርዳት ነው። ይህ ትእዛዝ በሥራ ላይ ሲውል የታየው በ1988 ዓ.ም. በኮርያ በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ነው። በሴፕቴምበር 24 ቀን በፑሳን ባሕር ላይ ነፋሱ እጅግ በረታ። ሎረንስ ለሚዩ የተባለው ካናዳዊ ብቻውን በሚነዳው ጀልባ ሁለተኛ ሆኖ ሲገሠግሥ ሳለ፣ በሌላ ውድድር ውስጥ የነበሩ ሁለት የሲንጋፖር ሰዎች ጀልባቸው ተገልብጦ ከማዕበል ጋር ሲታገሉ አየ። ያን ጊዜ መንገዱን ትቶ ወደ እነርሱ ዞረ፤ አንዱንም ሌላውንም ወደ ጀልባው አውጥቶ፣ የኮርያ የባሕር ኃይል ጀልባ መጥቶ እስኪረከበው ድረስ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ውድድሩን ቀጥሎ 22ኛ ሆኖ ገባ። የዳኞች ጉባኤ የዚያን ዕለት ሁለተኛነቱን መለሰለት፤ ምክንያቱም ሕጉ የረዳ ሰው በመርዳቱ እንዲጎዳ አይፈቅድም። በጠቅላላው ውጤት 11ኛ ስለ ሆነ ከሦስቱ ሜዳዮች አንዱንም አላገኘም፤ ነገር ግን ስለ በጎ ሥራው በፒየር ደ ኩበርተን ስም የሚጠራው ሜዳይ ተሸለመ።

መሸነፍን በክብር ስለ መቀበል ደግሞ የቶማስ ሊፕተን ታሪክ አለ። ይህ ሰው በሻይ ንግዱ ስሙን የምናውቀው ሊፕተን ነው። የአሜሪካ ጽዋ የሚባለውን ታላቅ የጀልባ ሽልማት ለማግኘት በ1899፣ በ1901፣ በ1903፣ በ1920 እና በ1930 ዓ.ም. 5 ጊዜ ሻምሮክ የሚባሉ ጀልባዎች አሠርቶ ተወዳደረ፤ አምስት ጊዜም ተሸነፈ። በ1920 ሁለቱን የመጀመሪያ ውድድሮች አሸንፎ ሳለ፣ ተከታዮቹን ሦስቱን በመሸነፉ ጽዋው ከእጁ አመለጠ። እርሱ ግን አሸናፊዎቹን ከማመስገን አልተቆጠበም። ስለዚህ ከመጨረሻው ሽንፈት በኋላ የአሜሪካ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የወርቅ ጽዋ አሠርተው ሰጡት። ያሸነፉት ሰዎች አገር ለተሸነፈው ሸለመ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችንም በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ በሎሌው ላይ እንደማይቆጣ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል፤ የጨዋታን ሥርዓት የምንማረው ከሌላ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ብርጭቆ ሰብሮ መጥቶ እኔ ነኝ ሲል የሚገረፍ፣ ድመት ነች ሲል የሚታለፍ ከሆነ፣ አስተማሪው ማን ነው? ውሸትን ያስተማርነው እኛው ነን። የጀልባው ሕግ የሚያሳየን መንገድ የተሻለ ነው። ላመነ ልጅ ቅጣቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ትንሽና በዚያው ሰዓት የሚያልቅ ይሁን፤ ስባሪውን ይጥረግ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ነገሩም ይዘጋ። ሁለቱን ዙር ከዞረ በኋላ በማግሥቱ ጥፋቱን እያነሡ መውቀስ አይገባም። ለካደው ግን ቅጣቱ ይክበድ፤ ይህንንም ልጆቹ ሁሉ አስቀድመው ይወቁት። ገበጣ ሲጫወቱም ሆነ ኳስ ሲራገጡ፣ የተሸነፈው የአሸናፊውን እጅ እንዲጨብጥ፣ ያሸነፈውም እንዳይኩራራ እናስለምዳቸው። ወላጅም ከልጁ ጋር ሲጫወት ተሳስቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ተሳስቻለሁ ይበል፤ ልጅ ከምክር ይልቅ ያየውን ይከተላልና።

ልጆቻችን አድገው በሚውሉበት ቦታ ሁሉ የሚከተላቸው ዳኛ አይኖርም። በገበያም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በትዳርም አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ምስክር በሌለበት ነው። በዚያን ጊዜ በራሱ ፈቃድ የሚዞር ሰው እንዲሆኑ፣ ዛሬ በጨዋታቸው ላይ ሳሉ እናልምዳቸው።