የግቢ ውበት የሚመዘነው በመጋቢት ነው

ክረምት ሲወጣ የማያምር ግቢ የለም። በመስከረም የጎንደር ኮረብቶች አደይ ለብሰው ይታያሉ፤ በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች የገብሱና የባቄላው ማሳ ዓይን ይስባል፤ በየተቋሙ በሐምሌ የተተከለው ችግኝም ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል። ይህ የዝናቡ ሥራ ነው። የሰው ሥራ የሚታየው ዝናቡ ከተቋረጠ በኋላ፣ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ነው። ያን ጊዜ ችግኙ ለምልሞ ከተገኘ ግቢው ባለቤት አለው ማለት ነው። በየጉድጓዱ ደረቅ ጭራሮ ብቻ ከቀረ ግን የሐምሌው ድካም፣ ጉልበትና ገንዘብ ከንቱ ቀርቷል።

የዩኒቨርሲቲ ግቢ አያያዝ በግብርና ገጽ ላይ ምን ያደርጋል ለሚል አንባቢ መልሱ አጭር ነው። በጎንደርም ሆነ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ማጽደቅ፣ ጎርፍ መቀልበስ፣ ሣር ማልማትና ብስባሽ ማዘጋጀት አርሶ አደሩ በማሳውና በተፋሰሱ ከሚሠራው ሥራ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ዩኒቨርሲቲው አጥር፣ ጥበቃ፣ የቧንቧ መስመር፣ በጀትና በሙያው የሠለጠነ መምህር ያለው መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የያዘ ተቋም የተከለውን ማጽደቅ ካቃተው፣ ከብቱን ከግጦሽ አውጥቶ ተራራውን ለተከላ የለቀቀው አርሶ አደር “ለምን አልጸደቀልህም?” ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። አርሶ አደሩ የሚያምነው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው። ልጁን ለማስመዝገብ ወይም ለማስመረቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያየውም ግቢውን ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ራሱ ከዚህ ጉዳይ የራቀ አይደለም። ተቋሙ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲመሠረት ከምክንያቶቹ አንዱ በደምቢያ ሜዳ የብዙ አርሶ አደሮችን ሕይወት የቀጠፈው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ ከጤና መኮንንና ከኅብረተሰብ ነርስ ጎን ለጎን በመጀመሪያ ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች መካከል የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኛው ወይም ሳኒታሪያኑ ይገኝበታል። ይህ ባለሙያ ምንጭ እንዲጎለብት፣ የታቆረ ውኃ እንዲጠነፈፍ፣ መጸዳጃ እንዲቆፈርና ቆሻሻ በወጉ እንዲወገድ ገጠር ወርዶ የሚሠራ ነበር። ስለዚህ አካባቢን መጠበቅ ለዚህ ተቋም ከውጭ የመጣ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን የተመሠረተበት ሙያ ነው። ዛሬ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ማኅበረሰቡን እንዲያገለግሉ ያዛል። ማኅበረሰቡ መጥቶ የሚማርበት የለማ ግቢ ከማዘጋጀት የቀረበ አገልግሎት ማግኘት ያስቸግራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቆጠራው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ፣ ከቀበሌ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሪፖርት የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በተተከለው ቁጥር ሆኗል። የተከላው መነሣሣት መልካም ነው፤ ሊቀጥልም ይገባል። ነገር ግን በሐምሌ 10 ሺህ ተክሎ በግንቦት 2 ሺህ ያጸደቀ ግቢ፣ 3 ሺህ ተክሎ 2 ሺህ 700 ካጸደቀው ይበልጥ የሚመሰገንበት ሪፖርት አጥፊ ነው። አርሶ አደር በዘራው ዘር መጠን ጎተራው አይሞላም፤ የሚቆጥረው ያፈሰውን ነው። የተቋማት ሪፖርትም በዚሁ ልማድ ሊቃኝ ይገባል።

ችግኝ የሚሞትበት ምክንያት አብዛኛው የታወቀ ነው። ጉድጓዱ አስቀድሞ ሳይቆፈርና አፈሩ ሳይናፈስ በዕለቱ በጥድፊያ ተጭሮ ይተከላል። የችግኙ ፕላስቲክ ሳይቀደድ ስለሚቀበር ሥሩ እንደታነቀ ይቀራል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የተተከለው ሥር ሳይሰድ ዝናብ ይቋረጥበታል። ከተተከለ በኋላ አረም ያፍነዋል፤ ፍየልና ከብት ይቀነጥበዋል፤ ግቢ የሚያጭደው ሠራተኛ ከሣሩ ጋር አብሮ ይቆርጠዋል። በደባርቅ ዓይነቱ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ችግኝ በአንድ ሌሊት ያቃጥለዋል። መድኃኒቱም ያን ያህል ውድ አይደለም። ዝናቡ ሳይቋረጥ በወቅቱ መትከል፣ ዙሪያውን መኮትኮትና ማረም፣ እርጥበት እንዲይዝ በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ ከውርጭ በዳስ መከለል፣ በበጋ ማጠጣት በቂ ነው። እነዚህን ሥራዎች ማንኛውም የቡና ወይም የጌሾ ተክል በጓሮው ያሳደገ ገበሬ ያውቃቸዋል።

የሚተከለውን ዛፍ መምረጥም ከእንክብካቤው ይቀድማል። ከአየር ጠባዩ ጋር የማይስማማ ጌጥ ተክል አምጥቶ ዓመት ሙሉ ሲያጠጡ ከመክረም፣ አካባቢው ያበቀለውን መትከል ወጪ ይቆጥባል። ለጎንደር ከተማና ለአካባቢዋ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ብርብራ የታወቁ ናቸው። ለደባርቅና ለሰሜን ተራሮች ዙሪያ ደግሞ ኮሶ፣ ጥድና አስታ የለመዱት አፈርና ብርድ አለ። በደጋው ትሪ ሉሰርን በአጥር ጥግ ቢተከል ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ አበባው ለንብ ቀሰም ይሆናል፤ አፈሩንም ያዳብራል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው የገቢ ምንጭ መሆኑ አይካድም፤ በውኃ መውረጃ ዳርና በማሳ ድንበር ሲተከል ግን እርጥበቱን ስለሚሻማ ግቢውም ጎረቤት ማሳውም ይጎዳሉ። በእያንዳንዱ ነባር ዛፍ ላይ ስሙና ጥቅሙ በአማርኛ ቢጻፍበት ተማሪውም ጎብኚው አርሶ አደርም ይማርበታል።

ሌላው ጉዳይ ውኃ ነው። ከጎንደር ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ በቀሃ፣ በአንገረብና በሽንታ አድርጎ ወደ መገጭ ይወርዳል፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ለዓመታት የጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ ዋና ምንጭ ሆኖ የቆየው የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩ፣ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻም በእምቦጭ መወረሩ የሚታወቅ ነው። አፈሩና ቆሻሻው ከላይ ሲታጠብ ዋጋውን የሚከፍለው ከታች ያለው ነው። ሰፊ ጣሪያ፣ ሰፊ አስፋልትና የተነጠፈ መንገድ ያለው ግቢ ጎርፉን ሳይዝ በአንድ ቱቦ አጥር ሥር ከለቀቀው፣ ከአጥሩ ውጭ ቦረቦር ይፈጠራል፤ የሰው ማሳም ይበላል። እንዲህ ያለ ግቢ በውስጡ አበባ ቢደረደርበት እንኳ አምሯል አይባልም።

ጎርፉ ከተያዘ ግን ሀብት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። በ1 ሺህ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 30 ሺህ ሊትር ይገኛል። ይህ በገንዳ ቢጠራቀም፣ 300 ችግኞችን በየሳምንቱ 10 ሊትር እያጠጡ 10 ሳምንት ማሻገር ያስችላል። የቀረውም በእርከን፣ በትሬንችና በችግኙ ዙሪያ በሚሠራ የግማሽ ጨረቃ እርከን መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ማድረግ ይቻላል። በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ቢተከል አፈሩን ይይዛል፤ እየታጨደም ለከብት ይሆናል። በግቢው ዙሪያ ያሉ አርሶ አደሮች ሣሩን በተራ እያጨዱ እንዲወስዱ ቢፈቀድ አጥር ሰብሮ የሚገባ ከብት ይቀንሳል፤ ጠባቂውም ከጎረቤቱ ጋር ከመጣላት ያርፋል።

በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የሚመገብበት ወጥ ቤት በየቀኑ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የእንጀራ ፍርፋሪና አመድ ያወጣል። ይህ በየጥጉ ሲጣል ዝንብና ሽታ ይፈጥራል፤ ከደረቅ ቅጠል፣ ከታጨደ ሣርና ከከብት እዳሪ ጋር በየድርቡ ተከምሮ ሲገላበጥ ግን በወራት ውስጥ ብስባሽ ይሆናል። የማዳበሪያ ዋጋ ኪሱን የሚፈትነው ገበሬ ይህን አሠራር በተግባር የሚያይበት ቦታ ይፈልጋል። ፕላስቲክና የሚበሰብሰው ቆሻሻ ከመነሻው ካልተለየ ግን ሥራው አይሠራም። መለየቱ የሚጀምረው ከተማሪውና ከወጥ ቤት ሠራተኛው ነው።

ይህ ሁሉ የሚታወቅ ከሆነ ለምን በብዙ ተቋማት አይሠራም? ዋናው ምክንያት ሥራው ባለቤት ማጣቱ ነው። ችግኙ ሲደርቅ አትክልተኛው ውኃ የለም ይላል፤ የውኃው ክፍል ጎማ አልተገዛም ይላል፤ ግዥው ጥያቄው ዘግይቶ መጣ ይላል። ነገሩ “አብዬን ወደ እምዬ” ሆኖ ይቀራል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ገንዘቡ በተከላው ወር ለችግኝና ለዝግጅት ወጥቶ ካለቀ፣ ለበጋው ማጠጫ የሚቀር የለም። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ የበጋ እንክብካቤ ወጪ ከተከላው ተለይቶ ራሱን ችሎ ሊያዝ ይገባል። ግቢውም በክልል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ የትምህርት ክፍል፣ ለአንድ የማደሪያ ሕንፃ ወይም ለአንድ አትክልተኛ በስም ሊሰጥ ይገባል። አትክልተኛው በአብዛኛው አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ሲጠፋ የሚወቀስ ሲለማ የማይጠቀስ ሠራተኛ ነው። ሥልጠና፣ በቂ መሣሪያና ምስጋና ሳይሰጡት ውጤት መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ጎንደር የባለቤትነትን ጥቅም ከሌላ አገር መማር አያስፈልጋትም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ያሉት ዕድሜ ጠገብ ዛፎች፣ በፋሲል መዋኛ ግንቡን በሥራቸው አቅፈው የያዙት ግንዶች የቆዩት ጠባቂና ሥርዓት ስለነበራቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ መቁረጥ ነውር መሆኑን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል። ደንቡ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ልብ ላይ ተጽፏል። አሁን ከተማዋ በኮሪደር ልማትና በአብያተ መንግሥቱ እድሳት መልኳን እያደሰች ባለችበት ወቅት፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎቿም ከዚሁ ልማድ ሊማሩ ይችላሉ።

ከዚህ በመነሣት ሊደረጉ የሚችሉ፣ ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ በጥቅምትና በግንቦት የጸደቀውን ችግኝ ቆጥረው ውጤቱን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ፣ የቀጣዩ ክረምት ተከላ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይታቀዳል። የሚተክሉትን ችግኝ በአካባቢው ከተደራጁ ወጣቶችና ችግኝ ከሚያፈሉ አርሶ አደሮች በቅድሚያ ውል ቢገዙ፣ ችግኙ አየሩን ለምዶ ይመጣል፤ ገንዘቡም በአካባቢው ይቀራል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ አርሶ አደሮችን ይዘው ግቢውን የሚጎበኙበት የመስክ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሊያዘጋጁ ይገባል። ጉብኝቱ በመስከረም ሳይሆን በመጋቢት ቢሆን ይመረጣል፤ የተሠራውና ያልተሠራው በግልጽ የሚለየው ያን ጊዜ ነውና።

የወረዳ አመራሮችም ዓይናቸውን ወደ ራሳቸው ቅጥር ሊመልሱ ይገባል። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና በተለይም የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከሉ የዩኒቨርሲቲ ያህል በጀት የላቸውም፤ አጥርና ሰው ግን አላቸው። ማሠልጠኛ ማዕከሉ አረም ውጦት፣ አጥሩ ፈርሶ ስለ ተፋሰስ ልማት የሚሰጥ ሥልጠና ጆሮ አያገኝም። አርሶ አደሩም የበኩሉ ድርሻ አለው። ከብቱን ከተከለለ ቦታ መጠበቅ፣ የደረቀውን ችግኝ ማሳወቅ፣ በስብሰባ ላይም “ስንት ተተከለ?” ከማለት ይልቅ “ስንት ጸደቀ?” ብሎ መጠየቅ ይችላል።

የዘንድሮው ዝናብ ሲቋረጥ የመጀመሪያው ሥራ ሩቅ አይደለም። አረሙን መንቀል፣ ችግኙን መኮትኮት፣ መጎዝጎዝና ገንዳው ውስጥ የቀረውን ውኃ መለካት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ይህ በጥቅምት ከተሠራ፣ በመጋቢት ልጁን ሊጠይቅ ከጃናሞራ ወይም ከደምቢያ የሚመጣ አባት በግቢው ጥላ ሥር አረፍ ብሎ፣ ለራሱ ማሳ የሚሆን ትምህርት ይዞ ይመለሳል።