ከጥይት ሸሽቶ ወደ ናዳ፦ ተራራው ከመውረዱ በፊት ምን ይናገራል?

ካፉሪ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በካርቱም ባህሪ በሚገኘው በዚህ የሀብታሞች ሰፈር በየግቢው ሲሠሩ የነበሩ ወገኖቻችን፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነቱ ሲጀመር አደጋን በጆሮ መለየት ተማሩ፤ የቱ ተኩስ ሩቅ እንደሆነ፣ የቱ እየቀረበ እንደመጣ። ሰፈሩን ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ይዞት ቆይቶ የሱዳን ጦር በየካቲት 2017 መልሶ ያዘው። እስከዚያ ግን ሰው ተበትኗል። ገዳሪፍ የገባ አለ፣ በመተማ የተመለሰ አለ፣ በሊቢያ አድርጎ ባሕር የተሻገረም አለ። ከሜዳ የወጣ ሰው ተራራ ሲገጥመው ግን ያ የጆሮ ዕውቀት አይበቃውም።

ይህን ዳርፉር አሳይታናለች። ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከቀናት ከባድ ዝናብ በኋላ፣ በጀበል መራ የታራሲን መንደር በናዳ ተቀበረች። አካባቢውን የሚቆጣጠረው የሱዳን ነጻ አውጪ ንቅናቄ ከ1,000 ሰው በላይ ሞቶ አንድ ሰው ብቻ ተረፈ አለ፤ በኋላ የወጡ ቆጠራዎች ከዚያ ያነሱ ናቸው። ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ ወደ ጀበል መራ ብዙ ሰው የሸሸው ከሰሜን ዳርፉር ጦርነት ነው። ተራራውን የመረጠው ጥይት አይደርስበትም ብሎ እንጂ ቁልቁለቱን መርምሮ አይደለም። የሚመርጥበት ጊዜስ መቼ ነበረው?

በእኛም አገር ደርሷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ደረበ። በቱርክ ቫን ግዛትም በ2020 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ የበረዶ ናዳ መኪና ቀበረ፤ በማግስቱ በነፍስ አድን ሠራተኞቹ ላይ ሌላ ናዳ ወረደና በድምሩ ወደ 40 ሰው ሞተ። አንዱ ጭቃ፣ አንዱ በረዶ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። አንዴ የወረደ ቁልቁለት አልጨረሰም።

ተራራ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዛፍና አጥር ያዘነብላል፤ በር እንደ ወትሮው አልዘጋ ይላል፤ የምንጭ ውኃ ይደፈርሳል ወይም ባልነበረበት ይፈልቃል። ዝናብ እየዘነበ የወንዝ ውኃ በድንገት ከቀነሰ ከላይ የዘጋው ነገር አለ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ልጆችን ይዞ በሸለቆው ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከናዳው መንገድ መውጣት ነው። ወገን ሊያወጣ የሚሄድም አንድ ሰው ከላይ ያለውን ቁልቁለት እንዲጠብቅ ያቁም።

ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ በአልፕስ ለመሻገር ለሚያስቡም ይህ ይሠራል። እዚያ የበረዶ ናዳ አደጋ ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይነገራል። አደገኛው ቁልቁለት በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ነው፤ አዲስ በረዶ በብዛት ሲወርድ፣ ንፋስ ሲከምረው ወይም ፀሐይ ድንገት ሲያሞቀው ይባስ ይከፋል። ከእግር በታች «ዱም» የሚል ድምፅ ወይም የሚሮጥ ስንጥቅ ካለ መመለስ ነው። ችግሩ ግን፣ ከፖሊስ የሚደበቅ ሰው የሚሄደው በሌሊትና ከመንገድ ወጥቶ ነው፤ ምልክቱን አያይም፣ ማስጠንቀቂያውንም አይሰማም። ስለዚህ እዚያ ሰው የሚሞተው በበረዶው ብቻ አይደለም፤ ወደ በረዶው የገፋው ኬላም አለበት።

ለስደተኛ የሚሰፍርበትን መሬት የሚሰጥ አካል ቁልቁለቱን አስቀድሞ የማስመርመር ኃላፊነት አለበት። እኛም ዝም ብለን አንጠብቅ። ድንኳን ከመትከላችን በፊት የቦታውን ሽማግሌ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «አባባ፣ ይህ ተራራ ከዚህ በፊት ወርዶ ያውቃል?»