«እሺ» ሁሉ ፈቃድ አይደለም



ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ከሚያመጧቸው ወረቀቶች መካከል «ለጥናት ስለሆነ ፈርሙ» የሚሉ አሉ። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ሲሆን፣ ዕብራይስጥ ለማያነብ ወላጅ የሚያስረዳው ያው ልጁ ነው። የሚጠናው ልጅ የራሱ ፈቃድ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው። ይህን ፈቃድ ብለን አንጠራውም።

ጥናትን አንቃወምም። በመምህራን ማሠልጠኛ ያለፍን እኛ፣ ልጅ ለምን ወደ ኋላ እንደሚቀር ሳይጠና መፍትሔ እንደማይገኝ እናውቃለን። የምንቃወመው አጠያየቁን ነው። በእኛ ወግ መምህር ይከበራል፤ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ «እሺ» እንላለን። ይህ «እሺ» የአክብሮት እንጂ የስምምነት አይደለም። ወረቀቱ ሳይመለስ ሲቀር «ወላጆች አልተቃወሙም» ማለትማ የባሰ ነው።

ልጁስ? መምህሩ ቆሞ እያየው፣ ጓደኞቹ ሁሉ እየሞሉ፣ ስለ አባቱ ሥራ ማጣት ሲጠየቅ እንዴት ብሎ እምቢ ይበል? እስራኤል በ1991 ያጸደቀችው የሕፃናት መብት ስምምነት ግን ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ ያዛል።

«ስም አይጻፍም» ይሉናል። በክፍሉ ያሉት የእኛ ልጆች ሦስት ብቻ ከሆኑና የወላጆች የትውልድ አገር ከተጻፈ፣ ስም ምን ያስፈልጋል?

በጃንዋሪ 1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲጣል መኖሩ በታወቀ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠር ወገናችን በኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። ያስቆጣን የደሙ መጣል ብቻ ሳይሆን መደበቁም ነበር። የልጆቻችን ቃል ከደማቸው አያንስም።

ትምህርት ሚኒስቴር በትምህርት ቤት ለሚካሄድ ጥናት በዕብራይስጥ «መድዓን ራሺ» የሚባለውን ቢሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ያ ፈቃድ ለተመራማሪው በሩን ይከፍታል እንጂ የወላጅን ቃል አይተካም። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ወረቀቱ በአማርኛና በትግርኛም ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ልጁ ሳይሆን አዋቂ ሰው ያስረዳ። ፊርማ ከሌለ ልጁ አይጠየቅ። «አልፈልግም» ያለ ልጅ በነጥቡም ሆነ በመምህሩ ዘንድ አይጎዳ። ጥናቱ ሲያልቅም ውጤቱ አስቀድሞ ለወላጆች ይነገር።

ወላጆች ሆይ፣ ያልገባችሁን አትፈርሙ። «ማን ፈቀደላችሁ? መልሱስ የት ይቀመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የወላጅ ወግ ነው።