ኩሬው ተቆጠረ፤ ዓሣውስ?

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ሲጀመር ዓሣም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ተሰለፈ። ከዚያ ወዲህ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ስለ ዓሣ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የኩሬ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ኩሬ ተቆፈረ፣ ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ተሠራጨ ይባላል። ከኩሬው ስንት ኪሎ እንደወጣ፣ ስንቱ በቤት እንደተበላ፣ ስንቱ ለገበያ እንደበቃ ግን እምብዛም አይነገርም። ይህ አሠራር የገበሬውን ጉልበት የሚያባክን ነው፤ ሊቆምም ይገባል።

የምከራከረው ዓሣ መርባት የለበትም ብዬ አይደለም። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ አገር ማግኘት ይከብዳል። ለኩሬ የሚለቀቀው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሞቀ ውኃ ይወዳል፤ ደኅና አድርጎ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ ነው። የአገሪቱ ዋና የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለበት ሰበታ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ብርዱ ያስቸግራል። ቴፒ ግን ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ አለ፣ ዝናቡ ከበቂ በላይ ነው፣ ምንጩ በየሸለቆው ይፈስሳል። እዚህ ዓሣ ካልሆነልን ጥፋቱ የአየሩ ወይም የአፈሩ አይደለም።

ኩሬው ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ገበሬው ከቡና ማሳው ግርጌ ይቆፍራል፤ ከጅረት ቦይ ይጠልፋል፤ በላስቲክ ከረጢት የመጣ ወንድና ሴት የተቀላቀለ የቆሮሶ ጫጩት ይለቀቅለታል። ባለሙያው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ገበሬው ዓሣ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል ብሎ ስለሚያስብ ጅረቱን ሌት ተቀን ያስገባል፤ በሌላው በኩል ያስወጣል። ውኃው አረንጓዴ ሲሆንበት ቆሸሸ ብሎ ይደነግጣል። ቆሮሶ ግን የሚመገበው ያንኑ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ተክል ነው። ያለማቋረጥ የሚፈስሰው ውኃ ምግቡን አጥቦ ይወስዳል፤ ኩሬውንም ያቀዘቅዛል። ዓሣው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይራባል። በእበት ወይም በዶሮ ኩስ ውኃውን ማዳበር እንደሚቻል፣ የጎደለውን ብቻ እየሞሉ ውኃውን ማሳደር እንደሚገባ ቢነገረው በአንድ ቀን የሚገባው ነገር ነበር።

ከዚያ የባሰው ደግሞ መዋለዱ ነው። በደንብ የተቀለበ ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ለመራባት አምስትና ስድስት ወር ይፈጅበታል። የቀጨጨው ግን 20 ግራም እንኳ ሳይሞላ እንቁላል ይጥላል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዓመት በኋላ መረብ ሲወጣ በመቶ የሚቆጠር የጣት ርዝመት ያለው ዓሣ ይርመሰመሳል፤ አንዳንዷ እናት አፏ ሲከፈት ልጆቿ ይፈስሳሉ። ለመጥበሻ የሚሆን አንድም የለም። ገበሬው ዓሣ እንደተራባለት ያስባል፤ ሪፖርቱም እንደዚያ ይላል። ቤተሰቡ ግን የሚበላው እሾህ ነው።

መፍትሔው ለባለሙያ አዲስ አይደለም። ወይ ወንድ ወንዱ ተመርጦ ይለቀቃል፣ ወይ ደግሞ ትርፍ ጫጩቱን የሚበላ አምባዛ በመጠኑ አብሮ ይገባል። ፋጉሎና ፉርሽካ በሚዛን ይሰጣል። የቡና ልጣጭ ሞልቶ የለም ወይ የሚለው ምክር ሲሰማ ደስ ይላል፤ ካፌኑና ታኒኑ ግን የዓሣውን እድገት ስለሚይዘው ዋና ቀለብ ሊሆን አይችልም።

«ጅምር ነው፤ ቀስ በቀስ ይሻሻላል» የሚሉ አሉ። ጅምር የሚባለው ከስህተት የሚማር ሥራ ነው። ምርቱ ሳይመዘን ከምን ይማራል? ግብፅ ዛሬ በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ዓሣ ታረባለች፤ አብዛኛው ቆሮሶ ነው። እዚያ የደረሰችው ወንድ ጫጩት የሚያፈልቁ ጣቢያዎችንና የመኖ ፋብሪካዎችን አስፋፍታ ነው። በዚያ ላይ በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕጓ ቁጥር 124 መሠረት የዓሣ እርባታው ለብዙ ዓመታት ይጠቀም የነበረው ከእርሻ የተረፈ የፍሳሽ ውኃ ነበር፤ ንጹሑን የዓባይ ውኃ እንዳይነካ ተከልክሎ ነበር። ከዚያ ወንዝ ምንጭ ላይ የተቀመጥነው እኛ የኢትዮጵያን ነፍስ ወከፍ የዓሣ ፍጆታ ገና አንድ ኪሎ እንኳ አላደረስነውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የዘሩ ጉዳይ ነው። ይህ አገር የቡና ዘር መገኛ ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። የዱር ቡናችን ከሌላ አገር ዘር ጋር እንዳይደባለቅ ስንት ተጽፏል፣ ስንት ስብሰባ ተደርጓል። ከዚሁ ደን ሥር የሚነሱት ወንዞች ወደ ባሮ፣ ወደ ጊሎና ወደ አኮቦ ይወርዳሉ፤ ይህ ተፋሰስ ደግሞ በዓሣ ዝርያ ብዛት ከአገሪቱ ተፋሰሶች ሁሉ ይበልጣል። የዓሣ ሊቋ ኤተልዊን ትሬዋቫስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የነጭ ዓባይን ቆሮሶ ለብቻ፣ የስምጥ ሸለቆንና የአዋሽን ቆሮሶ ደግሞ ለብቻ ንዑስ ዝርያ አድርገው መዝግበዋቸዋል። ለእኛ ኩሬዎች የሚታደለው ዘር ግን መነሻው በብዛት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ኩሬው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ዓሣውም ወደ ጅረቱ ያመልጣል። በዛምቢያ ካፉዌ ወንዝ ከእርባታ ያመለጠ ቆሮሶ ከአገሬው ዘር ጋር ተዳቅሎ የአገሬውን ዘር አደጋ ላይ ጥሎታል። በእኛው አገርም በጣሊያን ጊዜ አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ የተለቀቀው ካርፕ የተባለ የውጭ ዓሣ ዛሬ በዝዋይ ሐይቅ አጥማጅ መረብ ውስጥ አለ። አንዴ የገባ ዓሣ ተለቅሞ አይወጣም።

ለቡና የምናደርገውን ጥንቃቄ ለዓሣው የነፈግነው ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ ቡናው ዶላር ያመጣል፣ የወንዙን ዓሣ ግን የሚቆጥረው የለም።

ወንዙን የሚያየው ቢኖር ኖሮ የእሸት ቡና ማጠቢያዎቹንም ጉዳይ ዝም አይልም ነበር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ጅረቱ መቅጠን ሲጀምር፣ ስኳር የተሸከመ የልጣጭ እጣቢ ይለቀቅበታል። እጣቢው ሲብላላ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ከታች ያለ ዓሣ ታፍኖ ይሞታል። ከዚያ ጅረት ቦይ የጠለፈው ገበሬም ኩሬው ጠቁሮ፣ ዓሣው ከላይ ከላይ አየር ሲቀላውጥ ያገኘዋል። ዓሣ ለመግደል የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ የሚበትነውን ወጣት እንወቅሳለን፤ በእርግጥም ትልቁን ትንሹን ሳይለይ ስለሚገድል ሊወቀስ ይገባዋል። ግን ለቡናው ጥላ ከሆነው ብርብራ ፍሬ ይልቅ ወንዙን በየዓመቱ ለሳምንታት የሚያፍነው የቡናው እጣቢ ነው። በአንድ ጅረት ላይ ከላይ ማጠቢያ ፈቅዶ ከታች ኩሬ የሚያስቆፍር ወረዳ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነበረበት።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ኩሬ አይደለም። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፤ ጋምቤላ ቆላ ላይ የባሮ ቆሮሶና አምባዛ አለ። ከዚያ የተመረጠ እናትና አባት ዓሣ አምጥቶ ቴፒ ላይ ጫጩት ማፍለቂያ ማቋቋም በየቀበሌው መቶ ጉድጓድ ከመቆፈር ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ማጠቢያዎቹ እጣቢያቸውን አጠራቅመው ሳያጣሩ ወደ ጅረት እንዳይለቁ ይደረግ። ከወረዳ ወደ ዞን በሚሄደው ቅጽ ላይም የኩሬ ብዛት የሚሞላበት ዓምድ ይውጣና በምትኩ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ስንት ኪሎ ወጣ፣ አንዱ ዓሣ ስንት ግራም መዘነ፣ ዘሩ ከየትኛው ወንዝ መጣ። ይህ እስኪሞላ ድረስ ቁፋሮው ይቁም።