ያላመመው በሽተኛ

በቀደም ደብረ ታቦር ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ አባላዘር በሽታ ሳነሣለት «ጋሼ፣ ምን ሆኜ ነው የምመረመረው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጁን አልፈርድበትም። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ አንዳችም ምልክት አያዩም። በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ የማህፀን ቱቦን ጎድቶ መካን ሊያደርግ ይችላል። ወንዱም ሳያውቀው ያስተላልፋል።

የአገራችን የሕክምና መመሪያ ደግሞ ምልክት አይቶ ማከም ነው የሚለው። እንግዲህ ፈሳሽም ቁስልም የሌለውን ማን ያየዋል?

መድኃኒቱማ የ7 ቀን ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ብርቅ አይደለም። የጠፋው ምርመራው ነው። ኤች አይ ቪን ሳያመን እንመረመር የለም እንዴ!

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጉና ግርጌ ድረስ ወጣት ሰብስቦ የሚያስተምር መንግሥት፣ የክላሚዲያ መመርመሪያ ለየዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የሚያዳርሰው መቼ ነው? ጤና ሚኒስቴር መልስ ይስጠን።